አባታችንን በክብር እንድንሸኝ ለረዱን ሐዛን የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ከአንድ ዓመት በፊት ነበር፤ ነገር ግን ልጽፍ በተቀመጥሁ ቁጥር እንባ እየቀደመኝ እስከ ዛሬ ቆይቷል። አባቴ ያረፉት አምና በጥር ወር ሲሆን ተዝካራቸውን ባለፈው እሑድ አወጣን። አሁን ልቤ ትንሽ ስለ ተረጋጋ፣ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ለምትኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቼ፣ እንዲሁም በሐዘንም ሆነ በደስታ የአይሁድ ጸሎት መሪ ለሚያስፈልጋችሁ ሁሉ፣ በዚያ ክፉ ሌሊት የደረሱልንን ሐዛን ላመሰግንና ልጠቁማችሁ እወዳለሁ። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለ ጠየቁኝ ቃላቸውን አከብራለሁ፤ የሚፈልጋቸው ሰው በውስጥ መስመር ቢጽፍልኝ ግን ስማቸውንም ስልካቸውንም እሰጣለሁ።

ለማታውቁት፣ ሐዛን ማለት በምኵራብ ቆሞ የማኅበሩን ጸሎት በዜማ የሚመራ አገልጋይ ነው። እኛ ያደግነው ቄሱ ጸሎቱንም ዜማውንም ሥርዓቱንም አንድ ላይ ይዞ ሲመራ እያየን ነው፤ እዚህ አገር ግን ትምህርቱንና የሕግ ጥያቄውን ረቢው፣ ዜማውን ደግሞ ሐዛኑ ይይዛል። በዕብራይስጥ ለዚህ አገልጋይ «የማኅበሩ መልእክተኛ» የሚል ሌላ መጠሪያም አለው። መጠሪያውን የሰማሁት በኋላ ነው፤ ትርጉሙን ግን አስቀድሜ በዓይኔ አይቼው ነበር።

አባቴ የተወለዱት ከጎንደር ከተማ ብዙም በማይርቀው በአምቦበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 እናቴንና እኛን ልጆቻቸውን ይዘው በእግር ወደ ሱዳን ወጡ፤ ታናሽ እህቴንም እዚያው በመጠለያው ቀበሯት። በዚያ መንገድና በመጠለያ ካምፖቹ ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን እንዳለቁ ይነገራል፤ በእኛ ቤት ግን ቁጥሩ ሁልጊዜ አንድ ነው። ከዚያ በኋላ እስራኤል ገቡ፣ ሠሩ፣ አረጁ፤ በመጨረሻም ሕመሙ ሲጠናባቸው እኔ ወዳለሁበት ወደ ሜሪላንድ መጡ። በጤናም በሕመምም ሰንበትን አንድም ቀን ሳይሽሩ የኖሩ ሰው ነበሩ።

ያረፉት ማክሰኞ ማታ ነው። በሕጋችን ሬሳ ማቆየት አይገባምና ወዲያውኑ ስልክ ማንሣት ጀመርሁ። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች የጠየቁኝ የማኅበራቸው አባል መሆን አለመሆናችንን ነው፤ አለመሆናችንን ስነግራቸው በሥራ ሰዓት ተመልሼ እንድደውል ነግረውኝ ስልኩን ዘጉት። በሁለተኛው ቦታ ያነሣልኝ ሰው ገና ስሜን ሳይጠይቀኝ የአባቴን አይሁዳዊነት የሚያረጋግጥ ወረቀት እንዳለኝ ጠየቀኝ። ከኢትዮጵያ የመጣን ቤተ እስራኤል መሆናችንን ስነግረው ዝም አለ፤ ከዚያም «ይህ ነገር መጣራት አለበት» አለኝ። በእስራኤል የሴፋርዳውያን (ከስፔንና ከምሥራቅ አገሮች የመጡ አይሁድ) ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫድያ ዮሴፍ እኛን በይፋ ከተቀበሉን፣ ከ1973 ጀምሮ ስንት ዓመት እንዳለፈ ልነግረው አፌን ከፈትሁ፤ ነገር ግን የአባቴ ሬሳ በጎን ባለው ክፍል ተኝቶ እኔ በስልክ ስለ አባቴ ማንነት መከራከር አልቻልሁም። ልጃቸውን በበረሃ ቀብረው፣ ኢየሩሳሌም እያሉ የተጓዙ ሰው፣ በሞቱባት ሌሊት ማስረጃ ተጠየቁ። ሦስተኛው ቦታ ደግሞ እንደ ገበያ ዋጋ ዝርዝር ያነብልኝ ጀመር፤ ይህን ያህል ለቦታው፣ ይህን ያህል ለጸሎቱ፣ ከሥራ ቀን ውጭ ከሆነ ይህን ያህል ጭማሪ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» የሚል ቃል ግን ከሦስቱ ከአንዳቸውም አልሰማሁም። እናቴ ወለሉ ላይ ተቀምጠው «ምን አሉሽ?» ሲሉኝ የምመልሰው አጥቼ «እየጠየቅሁ ነው» እያልሁ ስዋሽ አመሸሁ።

ከሆስፒታል የሥራ ባልደረቦቼ አንዷ የሐዛኑን ቁጥር የላከችልኝ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ገደማ ነው። በዚያ ሰዓት ማንም ያነሣልኛል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር፤ እሳቸው ግን በሁለተኛው ጥሪ አነሡት። የተናገርሁትን እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡ ሰሙኝና «የአባትሽ ስም ማን ይባላል? የአባታቸውስ ስም?» ብለው ጠየቁኝ። ስሙ የተፈለገው ለጸሎቱ ነበር። ቀጥለውም «ዛሬ ሌሊት አጠገብሽ ማን አለ? እናትሽ እህል ቀምሰዋል ወይ?» አሉኝ። ስለ ወረቀትም፣ ስለ አባልነትም፣ ስለ ገንዘብም በዚያ ሌሊትም ሆነ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልወጣቸውም።

በማግስቱ ንጋት ላይ በራችንን አንኳኩ። ከስልሳ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ቀጭንና ድምፀ ለስላሳ ሰው ናቸው። ከእኔ ጋር ገና ሳይነጋገሩ እናቴ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጡና በዕብራይስጥ «በአገራችሁ ሰው ሲያርፍ እንዴት ነበር የምትሸኙት?» ብለው ጠየቁ። እናቴ በመጀመሪያ ጥያቄ አልመሰላቸውም፤ ሰውየው የሚያደርገውን ሊነግረን የመጣ መስሏቸው ነበርና። ጥያቄው ሲደገምላቸው ግን ሬሳ የነኩት ሰዎች ሰባት ቀን ተለይተው ይቆዩ እንደ ነበር፣ ቄሶቹ በግእዝ ይጸልዩ እንደ ነበር፣ እዚህ ግን ቄስ እንደሌለን እያለቀሱ አጫወቷቸው። የመንደሩን ስም ጠየቁ። እናቴ «አምቦበር» ሲሉ ሐዛኑ ቀና አሉና ስሙን ደግመው ጠሩት። ተማሪ ሳሉ፣ በ1973 ኬይ ካውፍማን ሸለማይ የተባለች አሜሪካዊት የሙዚቃ ተመራማሪ በአምቦበር የቀዳችውን የቤተ እስራኤል ጸሎት መምህራቸው እንዳሰሟቸውና ያ ዜማ ከጆሯቸው እንዳልወጣ ነገሩን። በ1973 አባቴ በዚያው መንደር ጎልማሳ ነበሩ። ሌሊቱን ሙሉ ማንነታችንን ለማንም ማስረዳት አቅቶኝ ስቸገር፣ አንድ የማናውቃቸው ሰው የመንደራችንን ዜማ ከእኛ ቀድመው ሰምተውት ተገኙ። ያን ጊዜ የተሰማኝን እፎይታ በጽሑፍ ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል።

ከዚያም «የምታውቁት ቄስ የት ይገኛሉ?» አሉ። የአባቴ ዘመድ የሆኑ አንድ አረጋዊ ቄስ በእስራኤል እንዳሉ ነገርናቸው። የሁለቱን አገር የሰዓት ልዩነት አስልተው፣ ቀብሩ እዚህ ሐሙስ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ቢሆን እዚያ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ስለሚሆን ቄሱ በስልክ ሊጸልዩ እንደሚችሉ ወሰኑ፤ ራሳቸው ደውለውም በትሕትና ለመኗቸው። ቄሱ በኋላ ለእናቴ እንደ ነገሯቸው፣ ሐዛኑ የጠየቋቸው «ከእርስዎ በኋላ እንድጸልይ ይፈቅዱልኛል?» ብለው ነው።

የቀብሩ ዕለት ንፋሱና ብርዱ አይጣል ነበር። ቃዲሽ የሚባለውን የሐዘንተኞች ጸሎት ለማድረስ ዐሥር ሰው መሙላት አለበት፤ እኛ ከቤተሰብ አራት ብቻ ነበርን። ሐዛኑ በሥራ ቀን፣ በዚያ ብርድ፣ አባቴን አይተዋቸው የማያውቁ ዐሥራ አራት ሰዎችን ከማኅበራቸው ይዘው መጡ። የቄሱ ድምፅ በስልኩ መሰማት ሲጀምር ንፋሱ እየወሰደው አላሰማ አለ። ሐዛኑ ካፖርታቸውን አወለቁና በመቃብሩ አፋፍ ተንበርክከው ስልኩን በካፖርቱ ከለሉት፤ ጸሎቱ እስኪያልቅ ድረስም በሁለት እጃቸው እንደ ያዙት፣ በሸሚዝ ብቻ፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆዩ። የአባቶቻችን ግእዝ በሜሪላንድ መቃብር ላይ እንዲህ ተሰማ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የዜማ ዕውቀት ስለሌለኝ በአግባቡ ላስረዳችሁ አልችልም። ቄሱ ጨርሰው ዝም ሲሉ፣ ሐዛኑ «ምሕረት የተሞላህ አምላክ» ተብሎ የሚጀምረውን የሙታን ጸሎት በዕብራይስጥ አነሡ፤ ያነሡትም የቄሱ ድምፅ ካረፈበት ከዚያው ላይ ነበር። አንዱ ሰው ከሌላው ሰው አፍ ላይ ጸሎቱን የተቀበለ ይመስል ነበር እንጂ መቋረጡን አላወቅነውም። የአባቴንና የአያቴን ስም በትክክል፣ እንደ ጎንደር ሰው አጥብቀው ጠሩ፤ ሌሊት ስልክ ላይ ሦስት ጊዜ ያስደገሙኝ ለዚህ ነበር ለካ። እናቴ ለቅሷቸውን አቁመው ቀና አሉና «ይህ ሰው ከየት አወቀው?» አሉ። አባቴ ካረፉ ጀምሮ ሰው ቀና ብለው ሲያዩ ያን ጊዜ የመጀመሪያቸው ነው።

ሰባቱን ቀን ለቅሶ ቤታችን ሰው አልተለየውም። የአካባቢው ኢትዮጵያውያን የእድር ወንበር አምጥተው ዘረጉልን፤ ክርስቲያኖቹ ሽሮና ምስር፣ ከወሎ የመጡት ሙስሊም ጎረቤታችን ደግሞ ቴምርና ፍራፍሬ ይዘው ይመጡ ነበር። አንዲት ጎረቤታችን «ሐዛን መጡ» ሲባል ሰምተው ለሐዘን የተመደቡ ሰው ስለ መሰሏቸው «እናንተ አገር ለሐዘን ብቻ የተሾመ አለ እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ይህን ስተረጉምላቸው ሐዛኑ ቃሉን ደስ ብሏቸው ተቀበሉት፤ ከዚያም ከዕብራይስጡ እየጠሩ የእኛን ጠየቁን። እሳቸው ቃዲሽ ሲሉ እኛ ቅዳሴ፣ እሳቸው ሻሎም ሲሉ እኛ ሰላም እንላለን። ለድኻ የሚሰጠውን ጼዳቃ ብለው ሲጠሩት የወሎዋ ጎረቤታችን «እኛ ሰደቃ ነው የምንለው» አሉ፤ የክርስቲያኑ ጎረቤታችን ደግሞ «እኛም ጽድቅ ነው» ብለው ቀጠሉ። በአንድ ለቅሶ ቤት የተቀመጡ የሦስት ሃይማኖት ሰዎች አንዱን ቃል ለሦስት ይዘውት እንደ ኖሩ ያን ቀን አወቁ። ሐዛኑ የሰውን እምነት ሳይደባልቁ ሰውን የማቀራረብ ስጦታ አላቸው፤ የየራሳችንን ጸሎት የየራሳችን አድርገው ይተዉትና ማዕዱን አንድ ያደርጉታል።

እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም ነበርና በስድስተኛው ቀን «ለማያውቁን ሰዎች ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ለምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ስለ ራሳቸው ከመናገር ይልቅ ስለ ሌላ ሐዛን አጫወቱኝ። በ1991 በነብራስካ ግዛት በሊንከን ከተማ ማይክል ዋይሰር የሚባል ሐዛን ወደ አዲስ ቤት እንደ ገባ የዛቻ ስልክ ይደወልለታል። ደዋዩ በዚያ ግዛት ኩ ክላክስ ክላን የተባለው የነጭ ዘረኞች ድርጅት መሪ የነበረው ላሪ ትራፕ ነበር፤ በስኳር በሽታ እግሮቹን ያጣ፣ ዓይኑም የደከመ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚኖር ሰው ነው። ዋይሰርም በትራፕ የስልክ መቅጃ ላይ መልእክት እየተወ ጥላቻውን እንዲተው መላልሶ ይነግረው ጀመር፤ አንድ ቀን ትራፕ ራሱ አንሥቶ ሲቆጣው «እግርህ አይሄድልህምና አስቤዛ ለመግዛት ልውሰድህ ወይ?» አለው። ወራት ካለፉ በኋላ ትራፕ ደውሎ ከገባበት መውጣት እንደሚፈልግ፣ ግን መንገዱን እንደማያውቅ ነገረው። ዋይሰርና ባለቤቱ ጁሊ ምግብ ይዘው ወደ ቤቱ ሄዱ፤ ትራፕም እያለቀሰ የናዚ ምልክት ያለባቸውን ቀለበቶች ከጣቱ አውልቆ ሰጣቸው። ሕመሙ ሲጸናበት ወደ ቤታቸው አስገብተው አስታመሙት፤ ጁሊም ሥራዋን ትታ ተንከባከበችው። በ1992 በዋይሰር ምኵራብ የአይሁድን እምነት ተቀብሎ፣ በዚያው ዓመት በመስከረም ወር በእነሱ ቤት አረፈ።

ሐዛኑ ይህን ጨርሰው «እናንተ እኮ የደወላችሁልኝ በመልካም ቃል ነው፤ የእኔ ሥራ ከዋይሰር ሥራ በጣም ይቀላል» አሉኝ። ሌላ ማብራሪያ አልሰጡኝም።

የገንዘቡንም ነገር ሳልናገር ባልፍ በደል ይሆንብኛል። ከሰባቱ ቀን በኋላ ከወንድሞቼ ጋር አዋጥተን በፖስታ አድርገን ስንሰጣቸው መለሱልን፤ ለቀብር ጸሎት ከማንም ተቀብለው እንደማያውቁም ነገሩን። በዚያ ጊዜ ስለ ዮሴሌ ሮዘንብላት አጫወቱን። በድምፁ ዓለም ያደነቀው ይህ የኒው ዮርክ ሐዛን በ1918 የቺካጎ ኦፔራ ለአንድ ምሽት 1,000 ዶላር ሊከፍለው ሲጠይቀው እምነቱንና አገልግሎቱን አስቀድሞ እምቢ ብሏል። የእኛ ሐዛን የኮንሰርት ገቢያቸውን ለድኾች ምግብ ማከማቻና ለስደተኞች ልጆች ትምህርት እንደሚሰጡ የሰማሁት ከሌሎች ነው። እኛም በወሩ የመቃብሩን ቦታ ቀሪ ሒሳብ ልንከፍል ስንሄድ ሙሉ በሙሉ ተከፍሎ አገኘነው፤ የከፈለውን ሰው ስም ሊነግሩን አልቻሉም። በአይሁድ ትምህርት የመካከለኛው ዘመን ሊቅ ማይሞኒደስ ከዘረዘራቸው ስምንት የምጽዋት ደረጃዎች ከፍ ካሉት አንዱ ሰጪው ተቀባዩን፣ ተቀባዩም ሰጪውን የማያውቅበት ነው። እኔ ሰጪውን አውቀዋለሁ ብዬ አምናለሁ፤ ሐዛኑን ስጠይቃቸው ግን ስለ አየሩ ጠባይ ማውራት ጀመሩ።

ከዚያ ወዲህ ሥራቸውን በቅርብ አይቻለሁ፤ የቀደመውንም ሰምቻለሁ። በ2018 በፒትስበርግ ምኵራብ 11 ሰዎች በተገደሉ ጊዜ የአካባቢያቸው ሙስሊሞች መጥተው በምኵራባቸው በር ላይ ቆመውላቸው ነበር፤ በ2019 በኒው ዚላንድ በክራይስትቸርች መስጊዶች 51 ሰዎች ሲገደሉ ደግሞ እሳቸው በሚቀጥለው ዓርብ ማኅበራቸውን ይዘው በመስጊዱ ደጅ ቆመዋል። በየዓመቱ በምስጋና ቀን ዋዜማ ከአንድ ኢማምና ከአንድ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ጋር የጋራ የጸሎት ምሽት ያዘጋጃሉ። ባለፈው ኅዳር ሄጄ ነበር። ኢማሙ ቁርኣን ቀሩ፤ ዲያቆኑ የቅዱስ ያሬድን ዜማ አሰማ፤ ሐዛኑም ሹበርት በ1828 ለቪየናው ሐዛን ለሳሎሞን ሱልዘር በዕብራይስጥ ያዘጋጀውን መዝሙር 92 ዘመሩ። ክርስቲያን ተወልዶ ያደገ የሙዚቃ ሊቅ ለምኵራብ መዝሙር መድረሱን እኔ ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን እናቴን ያስደሰታቸው ስግድ ነው። የቤተ እስራኤላውያን የጾምና የጸሎት በዓል የሆነው ስግድ በእስራኤል ከ2008 ጀምሮ ብሔራዊ በዓል ቢሆንም እዚህ አገር ግን ብዙዎች ስሙን እንኳ አያውቁትም። ሐዛኑ የማኅበራቸውን ሰዎች ሰብስበው በዓሉን አክብረው ዋሉ፤ እናቴን ከፊት አስቀምጠው ስለ አምቦበር እንዲናገሩ አደረጉ፤ እኔም አስተረጎምሁ። ጾሙ ሲፈታ የተቆረሰው እናቴ ሌሊት ተነሥተው የጋገሩት ዳቦ ነበር። ማንነታችንን እንድናረጋግጥ ከተጠየቅንባት ሌሊት ዐሥር ወር በኋላ፣ እናቴ ከሁለት መቶ በላይ በሆነ ማኅበር ፊት ቆመው ማንነታቸውን በኩራት ተናገሩ።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ሐዘን ቢደርስባችሁ፣ የታመመ ወላጅ በሆስፒታል ቢኖራችሁ፣ ልጃችሁን ለባር ሚጽቫ (ወንድ ልጅ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው ለሚደረገው ሥርዓት) የሚያስጠና ሰው ብትፈልጉ ወይም ሰርግ ቢኖራችሁ፣ እኔ በዚያች ሌሊት እንደ ተንከራተትሁት አትንከራተቱ፤ ለእኚህ ሰው ደውሉ። አባል ባትሆኑም፣ ወረቀት ባይኖራችሁም፣ ዕብራይስጥ ባትችሉም ደውሉ። የእድርና የማኅበር መሪዎች የሆናችሁም የሃይማኖቶች የጋራ ዝግጅት ስታስቡ እንድታማክሯቸው አጥብቄ እመክራለሁ። አንድ ነገር ብቻ ዕወቁ፤ ከዓርብ ፀሐይ መጥለቂያ እስከ ቅዳሜ ማታ ስልክ አያነሡም። መልእክት ብትተዉላቸው ግን ሰንበት እንደ ወጣ መጀመሪያ የሚደውሉት ለእናንተ ነው።

ባለፈው እሑድ በተዝካሩ ላይ አንድ ነገር አስቀድመው ሳይነግሩን ይዘው መጡ። «እግዚአብሔር ይሬዕየኒ» የሚለውን የዳዊት መዝሙር በግእዝ አጥንተው ነበር። ሲጀምሩ አንዱን ቃል ሳቱት፤ እናቴ ከተቀመጡበት አረሟቸው። ደገሙት፣ እንደ ገና አረሟቸው። በሦስተኛው እናቴ አብረዋቸው ያዜሙ ጀመር፤ እስከ መጨረሻውም አብረው ዘለቁት።

ክቡር ሐዛን፣ ይህን ጽሑፍ ሰው ተርጉሞ እንደሚያነብልዎ አውቃለሁ። እግዚአብሔር ድምፅዎንና ዕድሜዎን ይጠብቅልን፤ እናቴ የሰንበት ዳቦዎ ዘወትር ዓርብ ጠዋት ተጋግሮ እንደሚጠብቅዎ ንገሪልኝ ብለዋል። ቁጥራቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ በሌሊትም ቢሆን እመልስላችኋለሁ።